«ጥንድ ድርጭት ከነቤቱ» የሚባለውን ጥቅል አትግዙ

ድሬም ሐረርም ያላችሁ፣ ለልጆች እንቁላል ወይም ለትንሽ ገቢ ብላችሁ ድርጭት ልታስገቡ ያሰባችሁ ሁሉ፣ ብር ከማውጣታችሁ በፊት ይህን አንብቡ። አንድ ወንድ፣ አንድ ሴት፣ ትንሽ የሽቦ ኬጅና አንድ ፌስታል መኖ ባንድ ዋጋ ተጠቃልሎ ይሸጣል። «አቦ፣ እንደ እርግብ ተዋደው ነው የሚኖሩት፣ ውሰዱት» ይባላል። ድርጭት እርግብ አይደለችም። ጥቅሉ ራሱ ወፎቹን የሚያዋጋ ነው፤ ደም ሲፈስ ግን «አያያዝ አታውቁም» ተብሎ ጥፋቱ ወደ ገዢው ይዞራል።

ሻጩ ጋ ስታዩአቸው ሰላማዊ የሆኑት ልጅ ስለሆኑ ነው። የጃፓን ድርጭት ለርቢ የሚደርሰው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ሲሞላው ነው። በ3 ወይም በ4 ሳምንቱ የተሸጠ ወፍ ባንድ ካርቶን ቢታጎርም እምብዛም አይናቆርም። እናንተ ቤት ሁለት ሦስት ሳምንት ሲያድር ወንዱ መጮህ ይጀምራል፤ የሴቷን ማጅራት በምንቃሩ ይዞ በቀን ደጋግሞ ይወጣባታል። እሷ አንዲት ብቻ ስለሆነች ፋታ አታገኝም። መጀመሪያ የማጅራቷና የጀርባዋ ላባ ይነቀላል፣ ከዚያ ቆዳው ይላጣል፣ ደም ከታየ በኋላ ደግሞ ቁስሉን እየነቆረ ያሰፋዋል። «ጥንድ» የተባሉት ሁለቱም ወንድ ሆነው ከተገኙ ይብሳል፤ ዓይን እስኪጠፋ ይዋጋሉ፣ አንዱ የሚሞትበትም ጊዜ አለ። ለአንድ ወንድ ከ3 እስከ 5 ሴት ነው የሚያስፈልገው። ፍላጎታችሁ የሚበላ እንቁላል ብቻ ከሆነ ደግሞ ወንድ ጭራሽ አትግዙ፤ ሴቷ ያለ ወንድ ትጥላለች።

ጾታውን ራሳችሁ ለዩ። ተራው ቡናማ ድርጭት ከ3 ሳምንት በኋላ በደረቱ ይታወቃል፦ የሴቷ ደረት ነጣ ያለ ሆኖ ጥቁር ነጠብጣብ አለው፣ የወንዱ ነጠብጣብ የሌለው፣ ዝገት የመሰለ ቀላ ያለ ነው። ነጩና ጥቁሩ ግን በላባ አይለይም። እነዚህን 7 ሳምንት ካለፋቸው በኋላ ገልብጣችሁ ከፊንጢጣው በላይ ያለውን እብጠት በቀስታ ጫን አድርጉት፤ ወንድ ከሆነ ነጭ አረፋ ይወጣል። የ4 ሳምንት ነጭ ድርጭት ይዞ «ሴት ናት» ብሎ የሚምልላችሁን ሰው አትመኑ።

ኬጁም ችግር አለበት። በየገበያው ከጥቅሉ ጋር የሚሰጠው ለእርግብ ወይም ለጌጥ ወፍ የተሠራ፣ ጠባብና ቁመቱ ረጅም ዓይነት ነው። ድርጭት ስትደነግጥ ወደ ላይ ቀጥ ብላ ትፈናጠራለች፤ 50 ወይም 60 ሳንቲ ሜትር ቁመት አናቷን ከሽቦው ጋር በኃይል ለማጋጨት በቂ ነው። አናቷ ይተረተራል፣ ደም ይወጣል፣ ሌሎቹም ይነቁሩታል። ቁመቱ ከ25 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ ረጅሙን ገዝታችሁ ከሆነ ከጣሪያው በታች ማዳበሪያ ጆንያ ወጥራችሁ እሰሩበት። ስፋቱን በሜትር ለኩ፦ በቤት ለሚያዝ አንድ ወፍ 30 በ30 ሳንቲ ሜትር ብትሰጡት መናቆሩ በጣም ይቀንሳል። 60 በ90 የሆነ ኬጅ አንድ ወንድና አምስት ሴት በልኩ ይይዛል። ሁለት መመገቢያና ሁለት መጠጫ፣ መደበቂያ የሚሆን በጎኑ የተጋደመ ማሰሮ ወይም ካርቶን፣ የሚንከባለሉበት አሸዋ በሳፋ ጨምሩ። ድሬ ላይ በግንቦትና በሰኔ ሙቀት ቆርቆሮ ሥር የተቀመጠ ኬጅ ብቻውን ለጠብ ይበቃል፤ ጥላና ነፋስ ያለበት ቦታ አዙሩት።

«የድርጭት መኖ» ተብሎ በፌስታል የሚሰጠውን ከምን እንደተሠራ ጠይቁ። ተራ የእንቁላል ጣይ ዶሮ መኖ ከሆነ ፕሮቲኑ 16 ወይም 17 በመቶ አካባቢ ነው። የምትጥል ድርጭት 20 በመቶ፣ በማደግ ላይ ያለች ደግሞ 24 በመቶ ገደማ ትፈልጋለች። ፕሮቲን ያነሳት ወፍ የጓደኛዋን ላባ ነቅላ ትበላለች። ለምትጥለው መላ አለ፦ 16 በመቶ ከሆነው መኖ 6 ኪሎ ላይ 44 በመቶ ፕሮቲን ያለው የአኩሪ አተር ፋጉሎ 1 ኪሎ ብትቀላቅሉ ልክ 20 በመቶ ይመጣል። ጥሬ አኩሪ አተር ፈጭታችሁ አትስጡ፣ አይፈጭላቸውም። የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት ለብቻው በዕቃ አስቀምጡላቸው።

አምፖል ሌሊቱን ሙሉ እንዲበራ የሚመክሯችሁም አሉ፣ «ብዙ ትጥላለች» እያሉ። ከ16 ሰዓት ያለፈ ብርሃን፣ በተለይ ደማቁ፣ ጠበኝነትን ያባብሳል። ጠብ ካለ የፀሐዩ ብርሃን ብቻ ይበቃል።

ከሁሉ የምንፈራው «ካልተስማሙ አምጡና አንዷን እንለውጥላችኋለን» የሚለውን ዋስትና ነው። ለገዢ መልካም ይመስላል። ነገር ግን በተደላደለ ኬጅ ውስጥ አንድ ባዳ ወፍ ብቻውን ማስገባት ጠቡን እንደ አዲስ መጀመር ነው፤ ነባሮቹ ሁሉ ይረባረቡበታል። በዚያ ላይ ከገበያ በሽታ ይዞ ይገባል። ምንቃሩ የተቆረጠ ነው፣ አይናከስም የሚለውም እንደዚሁ ነው፤ ጉዳቱን ይቀንስ ይሆናል እንጂ መውጣቱንም ማሳደዱንም አያስቀረውም፣ በጣም የተቆረጠው ደግሞ መብላት ይቸግረዋል።

ቀድማችሁ ገዝታችሁ ከሆነ፣ አንድ ጊዜ ነቁሮ የሚተው ወፍ አያስጨንቃችሁ፤ ማን የበላይ እንደሆነ የሚለዩበት ተራ ነገር ነው። ጥግ አስይዞ የማይለቅ፣ ላባ የሚነቅል፣ ደም ያወጣ ከሆነ ግን ዛሬውኑ ለዩ። ቁስሉን ፈልቶ በቀዘቀዘ 1 ሊትር ውኃ ውስጥ 9 ግራም ጨው (ልሙጥ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ) አሟምታችሁ እጠቡ፣ ከዚያ ጂቪ የሚባለውን ሐምራዊ መድኃኒት ቀቡ፤ ቀዩን ቀለም ስለሚሸፍን ሌሎቹ እምብዛም አይነቁሩትም። ዓይን አጠገብ አይቀባ። የተጎዳችው በሽቦ ተከልላ፣ ሌሎቹን እያየች ቆዳዋ እስኪድን ትቆይ። ስትመልሷት ኬጁን አጽዱ፣ ዕቃውን ቦታ ቀያይሩ፣ ከተቻለ ከሌላ ሴት ጋር አድርጋችሁ ማታ አስገቡ፣ ጠዋት ቢያንስ ሁለት ሰዓት ተከታተሉ። ቦታም መኖም ተስተካክሎ ዳግም የሚያደማ ወንድ ለብቻው ይኑር ወይም ለወጥ ይሁን፤ ለርቢ አታስቀሩት።

አዲስ የምትገዙ ደግሞ አብረው የተፈለፈሉ፣ 7 ወይም 8 ሳምንት የሞላቸውን ምረጡ። የማጅራቱንና የጭራውን ሥር ላባ እፍ እያላችሁ ገልጣችሁ እዩ፤ የቁስል ቅርፊት ካለ ጠብ ከነበረበት ኬጅ የመጣ ሊሆን ይችላል። ዕድሜው በሳምንት፣ ወንድ ስንት፣ ሴት ስንት እንደሆነ፣ ሴት የተባለው ወንድ ቢሆን ብር እንደሚመለስ በወረቀት ይጻፍላችሁ። አልጽፍም ካለ ብራችሁን ይዛችሁ ተመለሱ።