የጉድጓድ ፓምፓችንን ከመጣል ያዳነልን ጠጋኝ

ጅማ ሂርማታ ገበያ አጠገብ ትንሽ ሱቅ ያለው የፓምፕ ጠጋኝ ዘንድ የሄድኩት ተስፋ ቆርጬ ነው። የግቢያችን የጉድጓድ ፓምፕ ቧንቧ በተከፈተ ቁጥር በየጥቂት ሰከንዱ ይነሳል፣ ይጠፋል። ቀደም ሲል ያየው ሌላ ባለሙያ «ሞተሩ አልቆለታል፣ አዲስ ግዙ» ብሎን ነበር።

ይህኛው ግን ሞተሩን አልነካም። ኤሌክትሪኩን አጥፍቶ ከግፊት ጋኑ (በታመቀ አየር ውሃውን እየገፋ ፓምፑ ቶሎ ቶሎ እንዳይነሳ ከሚያደርገው በርሜል) ውሃውን አፈሰሰና በመኪና ጎማ መለኪያ አየሩን ለካ። ዜሮ! የአየር መሙያውን ጫፍ በጥፍሩ ጫን ሲያደርገው ውሃ ጠብ ጠብ ብሎ እጁን አረጠበው። «እትዬ፣ የጋኑ የውስጥ ጎማ ተቀዷል፤ ፓምፑ ጤነኛ ነው» አለኝ። ጎማውን ቀይሮ 1.2 ባር አየር ሞላ፤ የእኛ ፓምፕ የሚነሳው የውሃው ግፊት ወደ 1.4 ባር ሲወርድ ስለሆነ፣ አየሩ ከዚያ ጥቂት ማነስ አለበት። አለካኩንም ለልጄ አሳየው።

በቀጠሮው ቀን ባለመምጣቱ ሁለት ቀን ሙሉ ውሃ በገመድ ቀድተናል፤ ይህ ቅር አሰኝቶኛል። ዋጋውን ግን አስቀድሞ ነገረኝ፣ የተቀደደውንም ጎማ አስረክቦኝ ሄደ። አሁን ጀበናዬን ስሞላ ፓምፑ ጭራሽ አይነሳም።