ቴሌግራም ለሃይስኩል ተማሪ፦ የአንድ ስልክ ሰሪ ግምገማ

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ስልክ እሠራለሁ። ስክሪን እቀይራለሁ፣ የቻርጅ ሶኬት እበይዳለሁ፣ የተቆለፈ ስልክ ፍላሽ አደርጋለሁ። ከሰዓት በኋላ ወንበሬን የሚከቡት አብዛኞቹ ዩኒፎርም የለበሱ ልጆች ናቸው። ወላጅ የልጁን ስልክ ከሩቅ ነው የሚያየው፤ መምህሩ ደግሞ ሲቀማ። እኔ ጋ የሚመጣው ሚሞሪው ሞልቶ አልንቀሳቀስ ሲል ስለሆነ ልጁ ምን ሲያደርግበት እንደከረመ ሳልፈልግም አያለሁ።

ዛሬ የምገመግመው ቴሌግራምን ነው። ፌስቡክን የአሁን ልጆች የአባቶች ቦታ ብለው ትተውታል፤ ቲክቶክን የሚከፍቱት ለመሳቅ ነው፤ ኖቱ፣ ወርክሺቱ፣ ያለፉት ዓመታት ፈተናዎች ያሉት ግን ቴሌግራም ላይ ነው። ፍርዴን ላስቀድም፦ ከ5 ኮከብ 4 እሰጠዋለሁ። አራቱን የሚያገኘው ግን ሴቲንጉ ከተስተካከለ በኋላ ነው። እንደተጫነ ለተተወ ቴሌግራም፣ ያውም በአሥራ አምስት ዓመት ልጅ እጅ ላለ፣ ሁለትም ይበዛበታል።

መጀመሪያ መልካሙን ላንሳ። ዱሮቭ የሚባሉት ወንድማማቾች ቴሌግራምን ያወጡት በ2013 እ.ኤ.አ. ነው። ከሌሎቹ የሚለይበትና እኔን በሥራዬ ብዙ ጊዜ የገላገለኝ አንድ ጠባይ አለው፤ መልእክቱም ፋይሉም የሚቀመጠው በኩባንያው ሰርቨር ላይ እንጂ በስልኩ ውስጥ ብቻ አይደለም። አንዲት የሆጤ ትምህርት ቤት ልጅ ሚድ ፈተና ሊደርስ ሰሞን ውሃ የገባበት ስልክ ይዛ መጣች። ቦርዱ ሞቷል። "ጋሼ፣ ኖቴ በሙሉ እሱ ውስጥ ነው" ብላ እንባዋ መጣ። ሲሟን አውጥቼ ጠረጴዛዬ ላይ በነበረ አሮጌ ስልክ ከተትኩ፣ ቁጥሯን አስገባን፣ ኮዱ መጣ፣ ሁሉም ከነፎቶው ተዘረገፈ። ልጅቱ ስለ ስልኩ መልሳ አልጠየቀችኝም። አንድ ፋይል እስከ 2 ጊጋባይት መላክ ስለሚቻል ደግሞ ሙሉ የመማሪያ መጽሐፍ በፒዲኤፍ ይሄዳል፤ መጽሐፍ ለአራት በሚደርስበት ክፍል ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

መምህራኑም እየለመዱት ነው። አንድ የባዮሎጂ መምህር ደንበኛዬ ማታ ማታ በኩዊዝ ጥያቄ ይለቃሉ፤ ማን ምን እንደመለሰ ለክፍሉ አይታይም፤ የተሳሳተው ልጅ ትክክለኛውን መልስ ወዲያው ያያል፣ የሚስቅበት ግን የለም። "ክፍል ውስጥ እጅ አውጥተው የማያውቁ ልጆች ናቸው ቀድመው የሚነኩት" ብለውኛል። ግሩፑ ወሬ ሲበዛበት ስሎው ሞድ የሚባለውን ያበሩታል፤ አንዱ ከጻፈ በኋላ አድሚኑ የወሰነው ጊዜ እስኪያልፍ ድጋሚ መጻፍ አይችልም። በእኔ እምነት ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ያለ ማንኛውም የክፍል ግሩፕ ይህ ነገር ሊበራለት ይገባል። "ሃይ" "ሃይ" "ሰላም ናችሁ" እየተባባሉ የመምህሩን ወርክሺት ሦስት መቶ መልእክት ታች የሚቀብሩ ልጆችን ስላየሁ ነው።

ወደ ችግሩ ልምጣ። ባለፈው ክረምት አንዲት እናት የልጃቸውን ስልክ በፌስታል ጠቅልለው ከኩታበር መጡ።

"የኔ ልጅ፣ ይቺን ቴሌግራም የሚሏትን ንቀልልኝ።"

"ምን አደረገችዎ እናቴ?"

"ሌሊቱን ሙሉ ስትንጫጫ ታድራለች። ልጅቱም አትተኛ፣ እኔም አልተኛ።"

ልጅቱ ከኋላቸው ቆማ መሬት መሬቱን ታያለች። እሷን አስፈቅጄ ከፈትኩት። ግሩፕ በግሩፕ ላይ ተደርድሯል፦ በቀን ይህን ያህል ዶላር እናስገኛለን የሚሉ፣ የኳስ ውርርድ፣ የክሪፕቶ፣ አንድ ደግሞ ስሙን እዚህ የማልጽፈው። "አንቺ ነሽ የገባሽባቸው?" አልኳት። "ወላሂ ጋሼ፣ ራሳቸው ናቸው ያስገቡኝ።" እውነቷን ነው። ቴሌግራም ሲጫን ማንም የፈለገ ሰው ግሩፕ ውስጥ ሊያስገባህ ይችላል፤ በሩን ገርበብ አድርጎ እንደሚያድር ቤት ነው። ከዚያ ሁሉ ክምር ሥር ግን የክፍሏን ግሩፕ አገኘሁት። የኬሚስትሪ መምህሯ በእጃቸው ጽፈው በፎቶ የላኩትን ኖት ለእናትየው አሳየኋቸው።

"ይኸ የመምህሯ ነው?"

"አዎ እናቴ።"

"እንግዲያ ይኸን ተውላት። ሌላውን ንቀል።"

ብዙ ወላጅ የሚፈልገው ይህንኑ ነው፤ እንደሚቻል የነገረው ሰው ስለሌለ ግን ወይ ስልኩን ይቀማል ወይ እንዳለ ይተወዋል። "አብሽሩ" ብዬ አስቀመጥኳቸውና ከልጅቱ ጋር ሠራነው። ሴቲንግ ውስጥ "ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ" የሚል አለ። እዚያ ገብታችሁ ማን ግሩፕ ውስጥ ሊያስገባኝ ይችላል በሚለው ላይ "ማይ ኮንታክትስ" የሚለውን ምረጡ። ስልክ ቁጥሬን ማን ያያል ለሚለው "ኖባዲ"፤ ማን ሊደውልልኝ ይችላል ለሚለው እንደገና "ማይ ኮንታክትስ"። ከማይታወቁት ግሩፖች ውጡ፤ የክፍሉን ሌሊት ሚዩት አድርጉት። ከዚያ "ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ" ውስጥ ፎቶና ቪዲዮ በሞባይል ዳታ በራሱ እንዳይወርድ አጥፉት። "ጥቅሌ ሳልጠቀምበት አለቀ" የሚሉኝ ልጆች ግማሽ ችግራቸው ይኸው ነው፤ ያላዩት ቪዲዮ ሁሉ ሲወርድ ውሎ ያድራል።

አንዱ ግን ለብቻው መነገር አለበት፤ "ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን"፣ ማለትም ከኮዱ ሌላ ራሳችሁ ያወጣችሁት ፓስወርድ እንዲጠየቅ ማድረግ። ያለ እሱ አካውንታችሁን ለመውሰድ በኤስኤምኤስ ወይም በቴሌግራሙ ውስጥ የምትመጣዋ ኮድ ብቻ ትበቃለች። ሌባው የሚመጣው በጓደኛችሁ ስም ነው፤ የጓደኛችሁን አካውንት አስቀድሞ ወስዶታልና። "ውድድር ላይ ነኝ፣ ድምፅ ስጪኝ፣ የመጣልሽን ኮድ ላኪልኝ" ይላል። ልጅ ደግሞ ለጓደኛው አይጨክንም፤ ይልካል። ከዚያ በእሱ ስም ለአክስቱ፣ ለአጎቱ "ብር ቸግሮኝ ነው፣ በቴሌብር ላኩልኝ" የሚል መልእክት ይሄዳል። ኮድ ለማንም አይሰጥም፤ ለወንድምም፣ ለመምህርም። ፓስወርዱን ደግሞ ደብተር ላይ ጻፉት። የረሳችሁትን ፓስወርድ ላስታውሳችሁ አልችልም፤ በየሳምንቱ ግን የሚጠይቀኝ አላጣም።

አምስተኛውን ኮከብ የነሳሁት ለሚከተሉት ነው። ቴሌግራም ላይ ሁለት ሰዎች ሲጻጻፉ አንዱ የላከውን ከሁለቱም ስልክ ላይ ማጥፋት ይችላል፤ ዱካም አይቀር። ለነገረኛ ጎረምሳ ከዚህ የተመቸ ነገር የለም። ማታ ልጅቷን ይሰድባታል፣ ያስፈራራታል፣ ጠዋት ዳይሬክተር ቢሮ ሲጠራ ስልኩም ስልኳም ንጹሕ ነው። "ጋሼ፣ የጠፋ መልእክት ይመለሳል?" ብለው ይጠይቁኛል። እኔ ልመልሰው አልችልም። ስለዚህ መልስ ከመጻፍም፣ ብሎክ ከማድረግም በፊት ስክሪንሾት አንሺ፣ ስሙና ሰዓቱ እንዲታይ አድርጊ፣ ለምታምኚው ትልቅ ሰው ላኪው፤ ብሎኩ ከዚያ ይደርሳል። ሌላው ስለ ምስጢር ነው። ብዙ ልጆች ቴሌግራም ላይ የጻፉት ሁሉ ከሁለቱ ሰዎች በቀር ማንም የማይፈታው ይመስላቸዋል። እንዲያ የሚሠራው "ሲክሬት ቻት" ብቻ ነው፤ ግሩፕና ተራው ቻት አይደለም። ሲክሬት ቻትም ቢሆን ያኛው ሰው በሌላ ስልክ ስክሪኑን ፎቶ ከማንሳት አያግደውም።

በወላጅ በኩል ካየነው ቲክቶክ ይበልጠዋል፣ ይህን ለመናገር ባልወድም። ቲክቶክ ወላጅ አካውንቱን ከልጁ ጋር የሚያያይዝበት መንገድ አለው፤ ከ18 ዓመት በታች ለሆነ የቀን ገደቡን 60 ደቂቃ ላይ ያደርገዋል፤ ከ16 በታች የሆነ ልጅ በግል መጻጻፍ አይችልም። የልደት ዓመቱን በትክክል ካስገባ ነው እንግዲህ፤ እኔ ጋ ከሚመጡት ልጆች ደግሞ በቲክቶክ አቆጣጠር ገሚሱ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። ቴሌግራም ወላጅን የሚያስገባበት እንዲህ ያለ በር የለውም።

ፈተና ሲቃረብ የሚያቆጠቁጡ ቻናሎችም አሉ። "የ12ኛ ክፍል ፈተና እጃችን ገብቷል፣ ቀድማችሁ ክፈሉ" ይላሉ። በ2008 ዓ.ም. የእንግሊዝኛው ፈተና ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ወጥቶ ፈተናው በሙሉ መሰረዙን ሰው ስለማይረሳ ዛሬም የሚያምን አይጠፋም። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ወዲህ ግን ፈተናው በአብዛኛው የሚሰጠው በዩኒቨርሲቲ ግቢ ነው፤ ስልክም አይገባም። አንድ ልጅ ለእንዲህ ያለ ቻናል የከፈለበትን ደረሰኝ አሳይቶኛል። የተላከለት ፒዲኤፍ የድሮ ፈተና ነው፤ ዓመቱን ብቻ ቀይረውታል። ያንኑ ፈተና የክፍሉ ግሩፕ ላይ በነፃ አገኘነው።

ፎርዋርድም ሌላ ጣጣ አለው። ጣት ነካ ሲያደርገው ይሄዳል፤ ልጁም "እኔ አልጻፍኩት" ይላል። የጥላቻ ንግግርን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የሚጠይቀው የጻፈውን ብቻ አይደለም፣ ያሰራጨውንም ነው፤ ለጥላቻ ንግግር እስከ 2 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር ቅጣት አለው። በዚያ ላይ እኛ ወሎዬዎች ነን። አንድ ቤት ውስጥ እናት ጾም ይዛ አባት ሶላት በሚሰግድበት አገር ሃይማኖት የሚሰድብ ነገር ለክፍል ግሩፕ የሚልክ ልጅ ማንን እንደሚሰድብ አያውቅም።

መጨረሻ የምመክረው ከመጣብን የመጣ ነው። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ዳታ ተዘግቶ ለብዙ ወራት ሲቆይ፣ ሰርቨር ላይ ያለ ኖት ሰማይ ላይ ያለ ኖት ሆኖ ቀረ። ስለዚህ ዋና ዋናውን ፒዲኤፍ "ሴቭ ቱ ዳውንሎድስ" ብላችሁ ከቴሌግራሙ አውጡት፣ ያለ ኢንተርኔት ፋይል በሚልከው በዜንደር ለጓደኛ አካፍሉት፣ ፍላሽ ካላችሁም ፍላሽ ላይ ገልብጡት።

ሴቲንጉን ለብቻችሁ ማስተካከል ካቃታችሁ ልጁንም ስልኩንም ይዛችሁ ኑ፤ ልጁ ከሌለ አልነካውም። ለእሱ ገንዘብ አልቀበልም። ስክሪን ግን ያው በዋጋው ነው።