«ሮምን በቅዳሜና እሁድ በእግር» የሚለውን ጥቅል ከመግዛታችሁ በፊት

በአውሮፓ የምትኖሩ ወገኖች፣ ለልደት ወይም ለጋብቻ በዓል ስጦታ «የቅዳሜና እሁድ የእግር ጉዞ በሮም» የሚል ጥቅል በኢንተርኔት ለመግዛት ያሰባችሁ ካላችሁ ጥቂት ታገሡኝ። የሻጩን ስም አልጠቅስም። ስሙን ብታውቁትም አይጠቅማችሁም፤ ያው ጥቅል፣ በዚያው ፎቶ፣ በሌላ ስም ሲሸጥ አይቼዋለሁና። የሚያስፈልጋችሁ ዘዴውን ማወቅ ነው።

እኔና ባለቤቴ የከፈልነው ለአንድ ሰው 149 ዩሮ ነው። ሆቴልም አውሮፕላንም የለበትም። በገጹ ላይ የተዘረዘረው ኮሎሲየም፣ ፓንቴዎን፣ የቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ፣ የትሬቪ ፏፏቴና የስፔን ደረጃዎች ሲሆን፣ ከእያንዳንዱ ፊት «ያለ ወረፋ» የሚል አረንጓዴ ምልክት ተቀምጧል። ፈቃድ ያለው አስጎብኚ፣ አነስተኛ ቡድን፣ በባህላዊ ምግብ ቤት ቅናሽ ያለው ምሳም ተጨምሯል።

ቅዳሜ ጠዋት በኮሎሲየም የሜትሮ ጣቢያ መውጫ ላይ የጠበቀን ቢጫ ባንዲራ የያዘ ወጣት ነው። «አነስተኛ» የተባለው ቡድን የእግረኛውን መንገድ ሞልቶታል። ወጣቱ ስማችንን ምልክት አደረገና በስልካችን የምንከፍተው የድምፅ ቅጂ ላከልን፤ አስጎብኚው ይኸው ነው። ከዚያም «የኮሎሲየሙ ቫውቸር በኢሜይል ደርሷችኋል፣ ወደ በሩ ሂዱ» ብሎን ወደሚቀጥሉት ሰዎች ዞረ።

በሩ ላይ የነበረችው ሠራተኛ ስልኬን ተቀብላ ጽሑፉን በጣቷ አሰፋችው። ስም የለውም፣ ሰዓት የለውም። ከታች፣ በነጭ ላይ በፈዛዛ ግራጫ፣ የመግቢያው ሰዓት «ቦታ ሲገኝ» እንደሚረጋገጥ የሚገልጽ አንድ መስመር አለ። በጥፍሯ አመለከተችንና ስልኩን መለሰችልኝ። እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ የኮሎሲየም ትኬት የጎብኚው ስም ይጻፍበታል፤ መግቢያው ላይም ከመታወቂያ ጋር ይመሳከራል። የእኛ ወረቀት ትኬት አልነበረም፤ ላም አለኝ በሰማይ ነው። «ቦታ ሲገኝ» የተባለው ሰዓት ደግሞ ቅዳሜ ሙሉ ቀን አልመጣም፣ እሁድም አልመጣም።

እስቲ ሂሳቡን እንሥራ። የኮሎሲየም መደበኛ ትኬት 18 ዩሮ ነው፤ በዚያው ትኬት የሮማውያን ፎረምና የፓላቲን ኮረብታ ይጎበኛሉ። ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች የመግቢያ ዋጋ አይከፍሉም። ፓንቴዎን እስከ 2023 ድረስ በነጻ ነበር፤ አሁን 5 ዩሮ ነው። የቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ መግቢያው በነጻ ነው፤ ከደጁ የምታዩት ረጅም ሰልፍ የፍተሻ ነው። ትከሻና ጉልበት መሸፈን ግድ ስለሆነ ነጠላ የያዘች ሴት ሐሳብ አይገባትም። ትሬቪን ከአደባባዩ ላይ ቆሞ ለማየት ማንም ገንዘብ አይጠይቅም። የስፔን ደረጃዎች ደግሞ የሕዝብ መንገድ ናቸው! እኔን ያሳቀኝ ማስታወቂያው ነው፤ ጥንዶች በደረጃዎቹ ላይ ተቀምጠው አይስክሬም ሲበሉ ያሳያል። እዚያ መቀመጥ ከ2019 ጀምሮ የተከለከለ ነው፤ ቅጣቱም እስከ 400 ዩሮ ይደርሳል። ባጭሩ በጥቅሉ ውስጥ እውነተኛ ዋጋ ያለው ነገር ተደምሮ 23 ዩሮ ነው፤ ከዚያ ውስጥ ትልቁን ድርሻ የሚይዘውን 18 ዩሮ ደግሞ አላቀረቡትም።

ይህ ንግድ ለምን እንደደራ ማወቅ ይጠቅማል። የኮሎሲየም ትኬት በይፋዊው ድረ ገጽ የሚወጣው ከጉብኝቱ ቀን 30 ቀን ቀደም ብሎ ነው። ነገር ግን በኮምፒውተር ፕሮግራም የሚገዙ ነጋዴዎች ገና ሲወጣ ጠራርገው ይወስዱትና ከጉብኝት ጋር አጣብቀው በብዙ እጥፍ ይሸጡታል። የጣሊያን የንግድ ውድድር ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን በሚያዝያ 2025 የትኬት ሽያጩን ያስተዳድር በነበረው ድርጅትና በበርካታ አስጎብኚ ኩባንያዎች ላይ በድምሩ ወደ 20 ሚሊዮን ዩሮ የሚጠጋ ቅጣት የጣለው በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ይፋዊውን ድረ ገጽ ተመልከቱ። ካለቀ፣ በወሩ የመጀመሪያ እሁድ መግቢያው በነጻ ነው፤ ሰልፉን የሚችል ይሞክረው።

ስለ ምሳው ብዙ አልልም። ቅናሹ የሚሠራው ለአንድ ብርጭቆ ወይን ብቻ ነው። በዝርዝሩ ላይ ርካሽ የሚመስለው የዓሣ ዋጋም የ100 ግራም ዋጋ ነው፤ ሙሉ ዓሣ ስንት እንደሚመዝን ሳትጠይቁ አትዘዙ።

እሁድ ባንዲራውን ትተን ለብቻችን ሄድን፤ ከተማዋን ያየነው ያን ጊዜ ነው። ከኮሎሲየም ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ቅዱስ ጴጥሮስ ታስሮበታል የሚባለው ሰንሰለት በተቀመጠበት ቤተ ክርስቲያን፣ ሚኬላንጄሎ የቀረጸው ሙሴ ተቀምጧል፤ በነጻ። ከፓንቴዎን አቅራቢያ ባለው የፈረንሳዮች ቤተ ክርስቲያን ካራቫጆ ስለ ቅዱስ ማቴዎስ የሣላቸው ሦስት ሥዕሎች አሉ፤ ይህም በነጻ። ውሃም አትግዙ፤ በየመንገዱ ሌት ተቀን የሚፈስሱት የብረት ቧንቧዎች ንጹሕ የመጠጥ ውሃ ናቸው።

የእኛን ሰው የሚመለከተውን ክፍል ደግሞ ያ የድምፅ ቅጂ ጭራሽ አያነሣውም። በኮሎሲየም አጠገብ ስለ ቆስጠንጢኖስ ቅስት ብዙ ያወራና ዝም ይላል። ከቅስቱ በታች ያለውን ጥላማ መንገድ ይዛችሁ ብትሄዱ ፖርታ ካፔና አደባባይ ትደርሳላችሁ። በ1937 ተዘርፎ የተወሰደው፣ 24 ሜትር የሚረዝመው የአክሱም ሐውልት በ2005 ወደ አገሩ ከመመለሱ በፊት ቆሞ የነበረው እዚያ ነው፤ ከኋላው የሚታየው ትልቅ ሕንጻ፣ ዛሬ የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት የሚሠራበት፣ በመጀመሪያ ለጣሊያን የአፍሪካ ሚኒስቴር የታሰበ ነበር። በቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ ፊት ያለው «የአምስት መቶዎቹ አደባባይ»ም ስሙን ያገኘው በ1887 ዶጋሊ ላይ የራስ አሉላ ጦር ከደመሰሳቸው ወታደሮች ነው። መታሰቢያቸው፣ ከግብፅ የመጣ ሐውልት የተተከለበት፣ ጥቂት እርምጃ ርቆ በዲዮቅልጥያኖስ መታጠቢያ አጠገብ ይገኛል። ማታ እዚያው ሰፈር ካሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች በአንዱ ራት በላን፤ ሂሳቡም ከትናንቱ ምሳ አነሰ።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ጥቅሉን ያሻሻጠው ድረ ገጽ «አስጎብኚ ድርጅቱን ጠይቁ» አለን፤ ድርጅቱ ደግሞ «የከፈላችሁት ለድረ ገጹ ነው» አለን። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ በኢንተርኔት የተገዛን ነገር በ14 ቀን ውስጥ ያለ ምክንያት የመሰረዝ መብት አለ፤ ይህ መብት ግን ቀኑ ለተቆረጠ የመዝናኛ አገልግሎት አይሠራም፤ ሻጮቹም ይህን አንቀጽ ጠቅሰው ያስፈራራሉ። አትደንግጡ። ሐሳብን መቀየር ሌላ፣ የተሸጠን ነገር አለማቅረብ ሌላ ነው። የማስታወቂያውን ገጽ ሳይቀይሩት በፎቶ አስቀሩ፣ ቫውቸሩን አትሰርዙ፣ ቅሬታችሁን በጽሑፍ ላኩ፤ ካልመለሱ ካርዱን ለሰጣችሁ ባንክ «አገልግሎቱ አልቀረበም» ብላችሁ ክፍያው እንዲመለስ አመልክቱ። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች፣ በኖርዌይና በአይስላንድ የምትኖሩ የአውሮፓ የሸማቾች ማዕከላት ድንበር ተሻጋሪ ክርክሮችን በነጻ ይመለከቱላችኋል። ከለንደን፣ ከዱባይ ወይም ከአዲስ አበባ ለገዛ ሰው የሚቀረው የባንኩ መንገድ ነው።

የእኛን ባንኩ ተቀብሎ እየመረመረው ነው። ጥቅሉን ገዝታችሁ ቀኑ ገና ያልደረሰ ካላችሁ፣ ዛሬውኑ ቫውቸሩን ክፈቱና ስማችሁና የመግቢያ ሰዓታችሁ ተጽፎ እንደሆነ ተመልከቱ። ከሌለ ሁለቱንም በጽሑፍ ጠይቁ፤ መልሱንም አስቀምጡት።