ባለ ሦስት ዘንባባው ሜዳይ፦ የአርበኛ ቤተሰብ ጉዞ ከደብረ ብርሃን እስከ መንዝ

መጀመሪያ የጉዞውን ዋጋ ልናገር፣ ሁሉም ሰው የሚጠይቀኝ እሱን ነው። ለሦስት ሰው ለሁለት ቀን፣ መኪና፣ አስጎብኚና አንድ አዳር ጨምሮ 24,000 ብር ከፍለናል። ምግብ በራስ ነው። በቅሎም በራስ ነው፤ የበቅሎውን ግን ቀድሞ የነገረን የለም።

ጉዞው አገር የማየት ጉዞ አይደለም። አስጎብኚው ልጅ የሚሠራው በጣሊያን ጊዜ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ለተዋጉ አርበኞች ቤተሰቦች ነው። አያትህ ወይም ቅድመ አያትህ የነበሩበትን መሬት ያሳይሃል። እኔ ደብረ ብርሃን ውስጥ ትንሽ ፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ልጁ ያረጁ ወረቀቶች ሊያባዛ ሲመላለስ ተዋወቅን። አያቴ ደግሞ የአርበኛ ልጅ ናት። አባቷ አምስቱንም ዓመት ከሸዋው የአርበኞች መሪ ከአበበ አረጋይ ጋር ጫካ ነበሩ እያለች ነው ያሳደገችን። ሚያዝያ 27 ሲመጣ ቡና ላይ ይሄ ወሬ አይቀርም።

ልጁ ከጉዞው ሁለት ሳምንት በፊት ለአያቴ ደወለላት። አንድ ሰዓት ሙሉ አወሩ። ጥያቄዎቹ ገረሙኝ። የክርስትና ስማቸው ማን ነው? የፈረስ ስማቸውስ? ርስታቸው የት ነበር? ጠመንጃቸው ውጅግራ ነው ምንሽር? ከማን ጋር ነው የሸፈቱት? በኋላ ምክንያቱን ነገረኝ። ካህናቱ የሞተን ሰው የሚያነሱት በክርስትና ስሙ ነው። አብሮት የዘመተው ደግሞ በፈረስ ስሙ ነው የሚያውቀው። መታወቂያ ላይ ያለውን ስም ይዞ መንደር የገባ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል። አያቴ የፈረስ ስሙን ታውቃለች። እዚህ እንዳልጽፈው ግን አስጠንቅቃኛለች።

የመንገዱን ነገር ታውቁታላችሁ። ቀኑ ሁለት ጊዜ ተራዘመ። ሁለቱንም ጊዜ ቀድሞ ደውሎ ነገረን፣ ቀብዱንም አልነካብንም። መኪናው ግን ሌላ ታሪክ ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት ተባልን፣ 1:40 ላይ መጣ። ሰማንያ ዓመት ያለፋት ሴት በደብረ ብርሃን ብርድ በር ላይ ማስቆም ነውር ነው። ሾፌሩ ይቅርታ እንኳን አላለም።

መኪና ውስጥ ልጁ ስለ ሰገሌ አወራን። ጥቅምት 17 ቀን 1909 የወሎው ንጉሥ ሚካኤል የተሸነፉበት ጦርነት ነው። ከዚያ በፊት ቶራ መስክ ላይ ራስ ልዑል ሰገድ መውደቃቸውንም ነገረን። ጥሩ ያወራል። ግን ሰገሌ ያለው ሸኖ በኩል ነው፣ እኛ ደግሞ ወደ ጣርማ በር እየሄድን ነበር። ወንድሜ ተኝቶ ነበር፣ አልፈርድበትም።

ጣርማ በር ስንደርስ ጉሙ መሬት ነክቷል። ሌላ አስጎብኚ ቢሆን ጣሊያን የሠራው ዋሻ በር ላይ አቁሞ ፎቶ ያስነሳን ነበር። እሱ ገደሉ አፋፍ ላይ አቆመን። ጉሙ ትንሽ ሲገለጥ የደብረ ሲና ቁልቁለት ታየ። በሚያዝያ 1928 የጣሊያኑ ጦር አዛዥ የባዶሊዮ የመኪና ሰልፍ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ሲገሰግስ እዚህ ጋ መንገዱ ተንዶ ጠበቀው። ያ ሁሉ መኪና ቆመ። ወታደሩ ወርዶ ድንጋይ መሸከም ጀመረ። መንገዱን ጠግነው አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ነው። ዋሻውን የፈለፈሉት ከዚያ በኋላ ነው። አያቴ ጋቢዋን እስከ አፍንጫዋ ተጠቅልላ ስትሰማ ቆየችና "ታዲያ ድንጋይ ሲሸከሙ የተኮሰባቸው የለም?" አለች። ልጁ ሳቀ።

ከጣርማ በር ወደ መንዝ ታጠፍን። ሞላሌ አካባቢ ቅድመ አያቴ የተቀበሩበት ቤተ ክርስቲያን አለ። ጽድ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ልጁ የቅድመ አያቴን የአርበኝነት ሜዳይ ጠየቀ። አያቴ ከጉያዋ ባረጀ ሻሽ የተቋጠረ ነገር አወጣች። ሦስት ቋጠሮ ነበረው፣ ሦስቱንም ራሷ ፈታች፣ ማንንም አላስነካችም።

ልጁ ሜዳዩን በሁለት እጁ ተቀበለ። ጀርባውን አየ፣ ፊቱን አየ። ከዚያ ሪባኑ ላይ ቆየ። ቀለሙ ለቋል፣ ጠርዙ ተተልትሏል። ሪባኑ ላይ ሦስት ትንንሽ ዘንባባዎች አሉ። እኔ ጌጥ ይመስሉኝ ነበር።

"እማማ፣ አንዱ ዘንባባ የአንድ ዓመት አርበኝነት ነው" አላት ቀስ ብሎ።

እሷ አልገባትም። ለእኔ ገባኝ። ወንድሜም ገባው፣ ቀና ብሎ አየኝ። አምስት ዓመት የተዋጋ ሰው አምስት ዘንባባ ነው የሚኖረው።

"ሁለቱ ወልቀው ይሆናላ!" አለች ሲገባት።

የስልኩን መብራት አብርቶ ሪባኑን አገላብጦ አየ። ከሦስቱ ዘንባባዎች ኋላ የመርፌ ቀዳዳ አለ። ሌላው ቦታ ላይ ምንም የለም። "ቢወልቅ ኖሮ ቀዳዳው ይቀር ነበር እማማ" አለ። ያ ማለት ቅድመ አያቴ ጫካ የገቡት በ1930 ገደማ ነው። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ጭፍጨፋ በኋላ የሸፈተው ሰው ብዙ እንደሆነም ነገረን። ወንድሜ አላስቻለውም። "ከዚያ በፊት ሁለቱን ዓመት የት ነበሩ?" ብሎ ጠየቀ። ሁላችንም ልብ ውስጥ አንድ ቃል ነበር፣ ማንም አላወጣውም። የአርበኛ ቤት ልጅ ያን ቃል ያውቃታል።

ልጁ ሜዳዩን መልሶ ለአያቴ ሰጣት። "እሱን አላውቅም። የማላውቀውን ደግሞ አልነግራችሁም" አለ።

24,000 ብር ለዚህች አረፍተ ነገር ነው የከፈልኩት ብል አላጋነንኩም። ደንበኛ ላስደስት ቢል ኖሮ አንድ ኮረብታ አሳይቶን "እዚህ ጋ ነው የተዋጉት" ብሎ ያለፈ ነበር። እኛም አልቅሰን ጉርሻ ሰጥተን እንመለስ ነበር።

ከዚያ አንድ ሽማግሌ አስጠራ። ሽማግሌው ከሰላምታ በፊት አያቴን "የማን ነሽ?" አሏት። አባቷን ጠራች፣ የአባቷን አባት ጠራች፣ አራተኛው ላይ ሲደርሱ ዘመዳሞች ሆነው ተገኙ። የፈረስ ስሙን ስትነግራቸው ዝም አሉ። ከዚያ አንድ የሽለላ ስንኝ አወጡ። አያቴ ቀጣዩን ስንኝ ቀደመቻቸው! ከእሷ አፍ ሽለላ ሰምቼ አላውቅም። ስለ ሁለቱ ዓመት ግን ሽማግሌውም "እኔ ያኔ አልተወለድኩም" ብለው ዘጉት።

አዳራችን መሐል ሜዳ ከተማ ነበር። ባና የሚባለው ወፍራም የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ በሚሠራበት አገር በአንዲት ስስ ብርድ ልብስ አደርን። ከዚህ በላይ ስለ አልጋው አልናገርም።

በማግስቱ ወደ ዘረት ዋሻ ሄድን። የአገሬው ሰው አመፀኛ ዋሻ ይለዋል። መኪናው መንገድ ላይ ቀረ፣ ለአያቴ በቅሎ ያስፈልጋል ተባለ፣ 1,500 ብር። ቀድሞ ቢነገረን ምን ነበረበት? በሚያዝያ 1931 የጣሊያን ጦር ይህን ዋሻ ከቦ በመርዝ ጋዝ ፈጀው። ውስጥ የነበሩት አብዛኞቹ ተዋጊዎች አልነበሩም፤ የአርበኛ ሚስት፣ ልጅ፣ ሽማግሌና ቁስለኛ ነበሩ። ጥቂቶች በሌሊት ሰብረው ወጡ። ቦታው ለውጭው ዓለም የታወቀው በ1998 አንድ ጣሊያናዊ የታሪክ ተመራማሪ በአገሩ የጦር ሰነዶች ተመርቶ ሲመጣ ነው። የመንዝ ሰው ግን ሁሌም ያውቀው ነበር። ልጁ ዋሻው አፍ ላይ ጫማውን አወለቀ። እኛም አወለቅን። ፎቶ አታንሱ አለ፣ ወደ ውስጥም አላስገባንም፣ የሰው አጥንት አለበት። የሰውየው ልክ እዚህ ጋ ይታያል።

ቅር ያለኝ አርባ ደቂቃ ብቻ መቆየታችን ነው። ሾፌሩ ከታች ጡሩንባ ይነፋል። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ጡሩንባ! ልጁ ሾፌሩን መቀየር አለበት፣ ፊት ለፊትም ነግሬዋለሁ።

መሄድ ለምታስቡ፦ ሜዳይ ካላችሁ ሪባኑን እንዳታጥቡት፣ እንዳታስተኩሱት። የክርስትና ስሙን ከአያቶቻችሁ አሁኑኑ ጠይቁ። ወፍራም ጋቢ ያዙ። የበቅሎውን ዋጋ ቀድማችሁ አስቆርጡ። ለመኪናው ከአሥር አራት እሰጣለሁ፣ ለልጁ ዘጠኝ።

ከተመለስን ከሳምንት በኋላ ጎረቤቶች ቡና ሊጠጡ መጡ። አያቴ እንደልማዷ ስለ አባቷ ጀመረች። "ሦስት ዓመት ጫካ ነበሩ" አለች። እኔ ስኒ እያጠብኩ ቀና አልኩ። እሷ ወደ እኔ ዞራ፣ "ሁለቱን ያ ልጅ እየፈለገልኝ ነው" ብላ ጨመረች።