ቱሉ ዲምቱ ላሉት የኮፒ ቤት እናታችን

ስሜን እንዳትጽፊ ብለውኛል። ስለዚህ እትዬ እያልኩ እቀጥላለሁ። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አካባቢ የምትኖሩ ግን ማንን እንደምል አይጠፋችሁም። ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው በር ላይ የሚቆምባት ጠባብ ኮፒ ቤት ናት።

በመስከረም ሰፕላይ ቼይን ማኔጅመንት፣ ማለትም ዕቃ ከፋብሪካ ተነስቶ ተጠቃሚው ጋ እስኪደርስ ያለውን ሰንሰለት ማስተዳደር፣ ልማር ወደ እንግሊዝ እሄዳለሁ። ማስተርስ ነው፤ አንድ ዓመት። ቪዛዬ በዚህ ሳምንት ደረሰ። ቤተሰቤን እቤቴ አመሰግናለሁ፤ እትዬን ግን ሰው ፊት ማመስገን አለብኝ።

መጀመሪያ መሀል ከተማ አንድ ኤጀንሲ ሄጄ ነበር። ገንዘቤን ተቀብለው ፐርሰናል ስቴትመንት፣ ማለትም ለምን መማር እንደምፈልግ ለዩኒቨርሲቲው የሚያስረዳውን ጽሑፍ፣ ጻፉልኝ። ደስ ብሎኝ ፕሪንት ላስደርገው እትዬ ጋ ወሰድኩት። እሳቸው ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። ሳያነቡ ፕሪንት አያደርጉም። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝና፣ «ልጄ፣ ይቺን ‹ከልጅነቴ ጀምሮ ሎጂስቲክስ እወድ ነበር› የምትለዋን ባለፈው ወር ለሌላ ልጅ አትሜያታለሁ» አሉኝ።

እውነቱን ለመናገር ተናደድኩ። ኮፒ ያንሱ እንጂ ምን አገባቸው አልኩ በሆዴ።

«ለመሆኑ ሥራሽ ምንድን ነው?»

«ቃሊቲ መጋዘን ውስጥ፣ ስቶር ኪፐር። ሦስት ዓመቴ ነው።»

«ታዲያ እሱን አትጽፊም?» አሉና የራሳቸውን የወረቀት ታሪክ አጫወቱኝ።

ሐምሌ 2016 ነው፤ የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን የተባለ ሰሞን። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። ወረቀት ሊጠፋ ነው የሚል ወሬ ተነዛ። ለእትዬ በሳምንት 5 ደስጣ ይበቃቸዋል። የዚያን ሰሞን 20 ገዙ። ጎረቤታቸውም እንደዚያው። መርካቶ ያለው አከፋፋይ ሰፈሩ በሙሉ ወረቀት መብላት የጀመረ መስሎት እሱም ትእዛዙን አበዛ። ኮፒ የሚያስነሳው ሰው ግን ያው ነው፤ ያው መታወቂያ፣ ያው ዲፕሎማ። ከዚያ ለሦስት ሳምንት እትዬ አንድ ደስጣ አልገዙም። አልጋቸው ሥር የተደረደረውን ሲጨርሱ ከረሙ። «ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል አሉ። እኛው ገዝተን ጨረስን፣ እኛው ጠፋ ብለን ጮኽን» አሉኝ እየሳቁ።

ይሄ ነገር በትምህርቱ ስም አለው። ቡልዊፕ ኤፌክት ይባላል፤ ቡልዊፕ ደግሞ ጅራፍ ማለት ነው! ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል የተባለው ኩባንያ በዳይፐር ሽያጩ ያስተዋለው ነው። ሕፃናት በቀን የሚያረጥቡት ዳይፐር ብዙም አይለዋወጥም። ከሱቅ ወደ አከፋፋይ፣ ከአከፋፋይ ወደ ፋብሪካ በሄደ ቁጥር ግን ትእዛዙ እየዋዠቀ ይመጣል። ሰሞኑን ለቡሄ ጅራፍ ያጮኸ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። እጁ ጋ ትንሽ ነቅነቅ፣ ጫፉ ጋ ጧ!

የኤጀንሲውን ወረቀት እዚያው ቀደድኩት። ማታ ቁጭ ብዬ ስለ መጋዘኔ ጻፍኩ። አንድ ዕቃ ሊያልቅ ነው ሲባል የየክፍሉ ሰው እንዴት እጥፍ እንደሚጠይቀኝ፣ የዕቃው ገቢና ወጪ በሚመዘገብበት ቢን ካርድ ላይ ያለውና መደርደሪያው ላይ ያለው ለምን እንደማይገጥም። ተቀባይነት ያገኘሁት በዚህኛው ነው።

ሁለተኛው ውለታቸው የቪዛው ነው። ለእንግሊዝ የተማሪ ቪዛ የቀረው የትምህርት ክፍያና የኑሮ ወጪው 28 ተከታታይ ቀን ባንክ ውስጥ መቀመጥ አለበት። በመሀል አንድ ቀን ከተፈለገው በታች ከወረደ ቆጠራው እንደ አዲስ ይጀመራል። ሂሳቡም የራስ፣ የትዳር አጋር፣ የወላጅ ወይም የሕጋዊ አሳዳጊ ነው መሆን ያለበት። አጎት አይቆጠርም። አጎት እንዴት አይቆጠርም? ለእኛ አገር ሰው ይህን ማስረዳት ከባድ ነው። እኔም በአጎቴ ሂሳብ ልገባ ስል «ቆይ፣ እስኪ ደንቡን ከራሱ ከመንግሥታቸው ገጽ ላይ አንብቢው» ያሉኝ እትዬ ናቸው። አንድ ልጅ እንደዚያ ተመልሶበት አይተዋል።

ወደ አባቴ ሂሳብ ዞርን። የልደት ሰርተፍኬትና የአባቴ የፈቃድ ደብዳቤ አስፈለገ። ስካን ሲያደርጉ ማስመሪያ አስደግፈው ፊደል በፊደል አመሳከሩ። የአባቴ ስም በእንግሊዝኛው ፓስፖርቴ ላይ በ«አይ»፣ ሰርተፍኬቱ ላይ በ«ዋይ» ነው የሚያልቀው። እኔ ስንት ጊዜ አይቼው አላየሁትም። ማስተካከሉ የራሱ ታሪክ አለው፤ ይቅር። 28ቱን ቀን ግን ግድግዳቸው ላይ ባለው ካላንደር በቀይ እስክሪብቶ እየሰረዙ ቆጠሩልኝ።

የሳንባ ነቀርሳ ምርመራውንና በዓመት 776 ፓውንድ የሆነውን የጤና ክፍያ እንደምንም ራሴ ተወጣሁት።

ለዚህ ሁሉ የተቀበሉኝ የስካንና የፕሪንት ብቻ ነው። ልጨምር ስል ተቆጡኝ። «ተምረሽ ስትመጪ ደስጣ መቼ መቼ እንደምገዛ ትነግሪኛለሽ» አሉ።

ሰነድ የምታዘጋጁ ሁሉ እሳቸው ጋ ሂዱ። ኤጀንት ስላልሆኑ ቪዛ አስወጡልኝ አትበሏቸው። ለቸኮለ ሰው አይሆኑም፤ አንብበው ነው የሚያትሙት። ምላሳቸውም ሰላ ያለ ነው። መብራት ከጠፋ መጠበቅ ነው፤ ጀነሬተር የላቸውም። ደግሞ ፍላሻችሁን ከቫይረስ አጽድታችሁ ሂዱ። በእሱ እኔንም አልማሩኝም።