ዓሣ ከአኳሪየም ዘሎ እንዳይወጣ፦ ራሳችሁ የምትገጣጥሙት የመረብ ክዳን

ቀጥታ ልናገር፦ ይህን ተገጣጣሚ የመረብ ክዳን ኪት (የመገጣጠሚያ ዕቃዎቹን ስብስብ) ወድጄዋለሁ። ክፍት አኳሪየም ያለው ሰው ሁሉ ቢሠራው ደስ ይለኛል። ቤታ ይዘላል፣ ዳኒዮ ይዘላል፣ ሃቸትፊሽና ኪሊፊሽማ አይወራም። መብራት ድንገት ቦግ ሲል፣ ሌላ ዓሣ ሲያሳድዳቸው ወይም ውሃው ሲበላሽባቸው ሽቅብ ነው የሚሸሹት።

ኪቱ ውስጥ ያለው የመስኮት ወንፊት የሚሠራበት ዕቃ ነው ማለት ይቻላል፦ የአልሙኒየም ፍሬም፣ የፕላስቲክ ማዕዘኖች፣ ነጭ መረብ፣ መረቡን ፍሬሙ ቦይ ውስጥ የሚይዝ ቀጭን የጎማ ገመድ፣ እሱን የምትጫኑበት ትንሽ ሮለር። ስትለኩ ማዕዘኖቹም ርዝመት እንደሚጨምሩ አስቡ፤ ያንን ቀንሳችሁ ነው አልሙኒየሙን በብረት መጋዝ የምትቆርጡት። ጫፉን በሞረድ አለስልሱት። ከሁሉ የሚያስቸግረው መረቡን መወጠር ነው። በጣም ከሳባችሁት ፍሬሙ መሃሉ ላይ ወደ ውስጥ ይጎብጣል፣ ካላላችሁት ደግሞ ይረግባል፤ ስለዚህ የመረቡ መስመር ከፍሬሙ ጋር እኩል እንደሄደ እያያችሁ፣ ጎማውን ቀስ እያላችሁ ዙሪያውን አስገቡት፣ የተረፈውን በካተር መቁረጥ መጨረሻ ላይ ነው።

ሮለሩ አልተመቸኝም፣ ከቦዩ እየሾለከ ያስቸግራል። ጎማውን ማዕዘን ማዕዘኑ ላይ በካቻቢቴ ጫፍ መጫን ይሻላል።

ፕሌክሲግላስ (መስታወት መሳይ ጠንካራ ፕላስቲክ) አይሻልም ወይ ለምትሉ፣ እኔ መረቡን እመርጣለሁ። ፕሌክሲግላስ ከሥር እርጥበት ይመጥጣል፣ ከላይ ይደርቃል፣ ውሎ አድሮ ይጎብጥና ጥጉ ላይ ክፍተት ይፈጠራል። መረብ አየርም ብርሃንም ያሳልፋል፣ ዓሣው ቢጋጨውም እንደ ጠንካራ ክዳን አይጎዳውም። በሌላ በኩል ውሃው ቶሎ ይተናል፣ ቶሎ ቶሎ መሙላት አለባችሁ።

ትልቁ ጉድለት የፊልተር ቱቦና የሂተር ገመድ የሚያልፍበት ነገር አለመኖሩ ነው። ራሳችሁ ትቆርጣላችሁ፣ ቀዳዳውንም ልክ በልኩ አድርጉት። ሮፕፊሽን የመሰለ እባብ መሳይ ዓሣ ካላችሁ በቱቦው ዳር የቀረች ጠባብ ክፍተት ትበቃዋለች፣ መዝለልም አያስፈልገው፣ ተስቦ ይወጣል። የመረቡን ዓይንም እዩ፤ 6 ሚሊሜትር ለአብዛኛው ዓሣ ይሆናል፣ ለጥቃቅኖቹ ግን 3 ሚሊሜትሩን ውሰዱ።

መረቡ አልቆባችሁ ሌላ ብትፈልጉ ዚንክ የተቀባ የሽቦ ወንፊት እንዳታደርጉ። እርጥበት ሲያገኘው ዚንኩ እየሟሟ ውሃው ውስጥ ይገባል፣ ለዓሣም ለሽሪምፕም መርዝ ነው።

ደግሞ ሰላማዊ የነበረ ዓሣ በድንገት መረቡን ደጋግሞ መምታት ከጀመረ፣ ክዳኑ ያዘልኝ ብላችሁ አትቀመጡ፤ ውሃው ተበላሽቶ ሊሆን ስለሚችል የዚያኑ ዕለት የውሃውን አሞኒያና ናይትራይት (ከዓሣ ቆሻሻ የሚመጡ መርዞች) ለኩ።