ለቴሌስኮፔ የገዛኋት ጂፒኤስ፦ ጥቅሟ ሰዓቱ ላይ ነው

አውራ ጣት የማታክል የዩኤስቢ ጂፒኤስ ናት፤ የአምራቿ ስም እንኳ በወጉ አልተጻፈባትም። ውስጧ ያለው የዩ-ብሎክስ ቺፕ ነው። ቴሌስኮፑን የሚመራልኝ ራስበሪ ፓይ 4 የምትባል ትንሽ ኮምፒውተር ላይ ትሰካለች፤ ኬስታርስ የተባለው የሰማይ ካርታ ፕሮግራም ቦታውንም ሰዓቱንም ከእሷ ይወስዳል። ግዙ እላለሁ፤ ግን ሻጮች በሚሉት ምክንያት አይደለም።

ሻጮች የሚያወሩት ቦታን በሜትር ልዩነት ማወቋን ነው። ለእኛ ይሄ ትርፍ ነው። አንድ ዲግሪ ኬክሮስ 111 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ያላችሁበትን ቦታ አንድ ኪሎ ሜትር ብትስቱ ስህተቱ የዲግሪ መቶኛ እንኳ አይሞላም። ከአዲስ አበባ ላሊበላ ስትሄዱ ግን ከ9 ዲግሪ ወደ 12 ነው፤ የሰማዩ ዋልታ (ሰማዩ ሁሉ የሚዞርበት ነጥብ) ከፍታ ከኬክሮሱ ጋር እኩል ስለሆነ ማውንቱ፣ ማለትም ቴሌስኮፑን ተሸክሞ የሚያዞረው መቆሚያ፣ 3 ዲግሪ ቀና ማለት አለበት። ይህንንም ቢሆን ስልካችሁ ይነግራችኋል። ብቻ ስልኩ 38.75 ሲል 38 ዲግሪ ከ45 ደቂቃ ማለቱ ነው፤ በደቂቃ የሚጠይቁ ማውንቶች አሉ።

ሰዓቱ ነው ጉዱ። ፓይ 4 በባትሪ የሚሄድ የራሱ ሰዓት የለውም። ኢንተርኔት ካላገኘ፣ ሲነሳ ባለፈው ከጠፋበት አካባቢ ይቀጥላል። ሰማዩ የሚጨልምበት ቦታ ደግሞ ኔትወርክ የት ይገኛል? ምድር በ4 ደቂቃ 1 ዲግሪ ስለምትዞር፣ ሰዓቱ ሩብ ሰዓት ከሳተ የአንድሮሜዳን ጋላክሲ ስትጠይቁት ማውንቱ ወደ 4 ዲግሪ የሚጠጋ አሳስቶ ይዞራል።

በእጅ እንሙላው ካላችሁ የእኛ አቆጣጠር አለላችሁ። አብሮኝ የሚወጣ ጓደኛዬ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን 14:00 ብሎ ይሞላል፤ 20:00 ነበር መሆን ያለበት። የሰሜን ኮከብ ከእውነተኛው ዋልታ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ስለሚርቅ፣ በዋልታ መመልከቻው (ማውንቱን ወደ ዋልታው ለማነጣጠር በሚያገለግለው ትንሽ መነጽር) ክብ ላይ የት እንደሚቀመጥ የሚወስነው ሰዓቱ ነው። 6 ሰዓት ስትሳሳቱ ኮከቡን ሩብ ዙር አዙራችሁ ታስቀምጡታላችሁ። ጂፒኤሷ ይህን ሁሉ ጣጣ ገላገለችን። ሰዓቱ የማይዛባ ላፕቶፕ ይዞ የሚወጣ ሰው ግን ገንዘቡን ይቆጥብ።

እንከን አላት። ፓይው ላይ በቀጥታ ስትሰካ ሳተላይት ለመያዝ ታንቀራፍፋለች። በኤክስቴንሽን ገመድ አርቄ ትራይፖዱ እግር ላይ በፕላስተር ሳስራት መብራቷ ቶሎ ብልጭ ድርግም ማለት ይጀምራል፤ ያኔ ይዛለች ማለት ነው። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር አትሞክሯት።

ማውንቱንም ወደ ሰሜን አታዞርላችሁም። እንጦጦ ግርጌ ለሚኖር ሰው 9 ዲግሪ ላይ ያለው የሰሜን ኮከብ ከተራራው ጀርባ ነው፤ ትክክለኛ ሰዓትም ቢኖረው የሚያየው ኮከብ የለም። እሱ ደቡብ ከፍ ብሎ ያለ አንድ ኮከብ፣ ከዚያ ምሥራቅ ዝቅ ብሎ ያለ ሌላ መርጦ፣ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ሲንሸራተቱ እያየ ማውንቱን ያስተካክል።